ስለ አንድ ስም

በጁባ ከተማ፣ አማራት በተባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታችን የማታው ዜና በቴሌቪዥን ሳይሰማ እራት አይቀርብም። ባለፈው ሰሞን ዜና አንባቢው ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱትን ወገኖቻችንን «ፈላሾች» ብሎ ጠራቸው። ልጄም የቃሉን ፍች ጠየቀችኝ።

መጻተኛ፣ አገር የለሽ ማለት ነው። እነርሱ ግን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። አንባቢው አይሁድን ጠልቶ ተናገረው አልልም፤ የለመደውን ደገመ። ሆኖም ይህ ስም በአገራችን ርስት ከመነፈግና ባለ እጁን «ቡዳ» ከማለት ጋራ አብሮ የኖረ ነው፤ ልማዱም ጥላቻውን ይሸከማል።

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲሻገሩ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር በሺህ የሚቆጠሩ አለቁ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡት በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች ዛሬም በዜና የሚጠሩት በስድብ ነው። ራሳቸው በመረጡት ስም እንዲጠሩ ለጣቢያው ጽፌአለሁ፤ መልሱን እጠብቃለሁ።