“ሲስተር፣ ልጄን ታስታውሽዋለሽ?”

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከእስራኤል ስልክ ተደወለልኝ። “ሲስተር፣ ያ በኩፍኝ ታሞ ያስታመምሽልኝን ልጄን ታስታውሽዋለሽ? ሊባኖስ ጦርነት ላይ ወደቀ” አለችኝ እናቱ። ገና 19 ዓመቱ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር መጥተው፣ አዲስ አበባ በጠባብ የኪራይ ቤቶች ተጨናንቀው የጉዞ ቀን ሲጠብቁ እኔ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ኩፍኝ እንዲህ ያለ ቤት ከገባ ለሕፃን አይራራም። ያን ልጅ ከእናቱ ጋር እየተፈራረቅን ውኃ በማንኪያ ስናጠጣው አደርን፤ ሲነጋጋ ትኩሳቱ በረደለት። ግንቦት 16 እና 17 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ሲወሰድ፣ እሱም ግንባሩ ላይ ቁጥር ተለጥፎበት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሄደ። እዚያ ደግሞ ወጣቱ 18 ሲሞላው ውትድርና ግዴታው ነው።

ለቅሶ ልደርሳት አልቻልኩም። እኛ ነርሶች ለሐኪም ቤት ሐዘን እንጂ ለስልክ ሐዘን አልተማርንም፤ የምለው ጠፋኝ።

“እዚህ ሁሉም የሚያወራልኝ ስለ ወታደርነቱ ነው። ሕፃንነቱን የሚያውቅ ሰው አጣሁ” አለችኝ።

ስለ ማንኪያው ነገርኳት፤ ውኃውን ፊቴ ላይ እየተፋ እንዴት እንዳስቸገረኝ። ሳቀች።

“እስቲ ድገሚልኝ” አለች።