58 የነበረው 41 ሲሆን

ሰኔ መጨረሻ ነው። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ መብራት የሚጠፋው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሆኗል። በጀት ሊዘጋ ነው፤ ያልተከፈለ የክፍያ ሰርተፊኬት ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሰባት የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆች አሏት። ስድስቱ የዓመቱን ሪፖርት አስገብተዋል። ሰባተኛው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው፣ በሩን አንኳኩቶ ገባና አንዲት ገጽ ወረቀት ፊቷ አስቀመጠ።

ባለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ የአንዲት ትንሽ ከተማ የመጠጥ ውኃ ፕሮጀክት አካላዊ አፈጻጸም 58 በመቶ ይላል። በዚህኛው ወረቀት ላይ 41 ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው? ፕሮጀክት ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?» አለችው።

«ኢንጂነር፣ ወደ ኋላ አልሄደም። 58 ያልነው ነው ልክ ያልነበረው» አላት።

አስረዳት። መጋዘን የገባው ቧንቧ እንደተዘረጋ ተቆጥሯል። ፓምፑና ጄኔሬተሩ ኤልሲ አልተከፈተላቸውም፤ ሪፖርቱ ግን «በግዥ ሂደት ላይ» ብሎ ነጥብ ሰጥቷቸዋል። የማጠራቀሚያ ጋኑ መሠረት ወጥቶ ቆሟል፤ ካሳ ያልተከፈላቸው ሁለት ገበሬዎች ማሳቸው ውስጥ ሰው አያስገቡም። ልጁ ይህን ያወቀው ከአንድ ባልደረባው ጋር ሜትር ይዞ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ሄዶ ነው።

ኃላፊዋ ዝም አለች። ዝምታዋ ከልጁ ጋር የተያያዘ አልነበረም። 58 የሚለውን ሪፖርት ፈርማ ወደ ላይ የላከችው ራሷ ናት።

እዚህ ላይ ታሪኩን እናቁመውና ወደ ኋላ እንመለስ። ምክንያቱም ልጁ ያንን ወረቀት ይዞ ለመግባት የደፈረው በአንድ ቀን አይደለም።

ሴትዮዋ ወደዚህ ወንበር የመጣችው እንደ ብዙዎቹ ነው። ጎበዝ መሐንዲስ ነበረች። ፕሮጀክት ሰጧት፣ ጨረሰች። ሌላ ሰጧት፣ እሱንም ጨረሰች። አንድ ቀን ደብዳቤ ደረሳት፦ «ከዛሬ ጀምሮ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱን እንዲመሩ ተመድበዋል።» ሥልጠና የለም፤ ርክክብ የለም። ሰባቱም ሥራ አስኪያጆች የመጡት በተመሳሳይ ደብዳቤ ነው። በመንግሥት ቤት የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ በአብዛኛው የሚወለደው በደብዳቤ ነው። ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ውል ኃላፊነቱ ላይ ይጣላል፤ ለመስክ ጉዞ ነዳጅ ለማስፈቀድ ግን ሦስት ፊርማ ይጠብቃል። ተቋራጩ ከእሱ እጥፍ ልምድ አለው፤ አማካሪው ከእሱ እጥፍ ደመወዝ አለው። እሱ ያለው ማኅተም ነው፤ ማኅተሙም ሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ኃላፊዋ የምታውቀውን ነገር አደረገች፦ ሥራውን ራሷ ሠራች። ተቋራጭ ሲያኮርፍ ራሷ ደወለች። የክልል ቢሮ ወሰን ማስከበር ላይ ሲያንቀራፍፍ ራሷ መኪና አስነስታ ሄደች። ሌሊት ስልኳ አይዘጋም። ሁሉም አመሰገኗት። ሰባቱ ሥራ አስኪያጆች ግን በዚያ ዓመት የተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠበቅ። ችግር ሲመጣ ደብዳቤ ይጽፉላታል፤ ከዚያ «ኢንጂነር ይጨርሱታል» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ ይዞራሉ። ሦስቱ መሥሪያ ቤቱን ለቀቁ። አንደኛው ሲሰናበት «እዚህ አድጌያለሁ ማለት አልችልም» አላት። ቅር አላት፤ ግን አልገባትም።

የገባት ስትታመም ነው። ታይፎይድ ለሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጣላት። ስትመለስ ሦስት የክፍያ ሰርተፊኬቶች እንደተቀመጡ አገኘቻቸው፤ አንድ ተቋራጭ ማሽኑን ጭኖ ከሳይት ወጥቷል። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ሰባት የተማሩ ሰዎች አንድም ውሳኔ አልወሰኑም። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ውሳኔ የእነሱ ሥራ መሆኑን ያስተማራቸው ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን።

ይህ የአንድ ቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አገሪቱ በትልቁ አይታዋለች። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በመስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ሕዝቡ ያለቀሰው አንድን ሰው ብቻ አልነበረም፤ ግድቡን በእሳቸው ፊት ስለሚያውቀው «እንግዲህ ማን ይጨርሰዋል?» ብሎም ነው። ጥያቄው የሰውየውን ታላቅነት ያሳያል። ግን ሌላም ነገር ያሳያል፦ የአንድ አገር ትልቁ ፕሮጀክት በሕዝብ ዓይን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በተከታዩ ወር፣ ነሐሴ 2010፣ የኤሌክትሮሜካኒካል ሥራውን ይዞ ከነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ጋር የነበረው ውል እንደሚቋረጥ መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ በፊት ሕዝቡ ለዓመታት «ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» የሚል አንድ ቁጥር ሲሰማ ቆይቷል። ቁጥሩ አማካይ ነበር። የሲቪል ሥራው ርቆ ሲሄድ ተርባይንና ብረታ ብረቱ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ አማካዩ ደግሞ የቀረውን በሄደው ይሸፍነዋል። ኮንክሪቱ ቢያልቅም ተርባይን ከሌለ መብራት የለም። በውኃ ፕሮጀክትም ያው ነው፦ ቧንቧው ቢያልቅም ፓምፕ ከሌለ ውኃ የለም።

ግድቡ ግን አልቆመም። ኢንጂነር ክፍሌ ሆሮ ሥራ አስኪያጅነቱን ተረከቡ፤ ውሎች ተከለሱ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመረቀ። መሠረቱ ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ፈጅቷል። ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ኢንጂነር ስመኘው በደብዳቤ ብቻ የተሠሩ ሰው አልነበሩም፤ ሕዳሴ ላይ ከመድረሳቸው በፊት በግልገል ጊቤ ፕሮጀክቶች ላይ ተፈትነዋል። ከእሳቸው በኋላም ሥራው የቀጠለው ሥራውን የሚያውቁ ሌሎች ስለነበሩ ነው። ሰው በፕሮጀክት ላይ ያድጋል፤ ፕሮጀክትም የሚተርፈው ሰው ሲያድግ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶችን አስተዳደርና አመራር የሚመለከት አዋጅ በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1210 ነው። ከዚያ በፊትም መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ መጣ፤ ውጤት ተኮር መጣ፤ ካይዘን መጣ። እያንዳንዱ የራሱን ቅጽ ይዞ መጣ። ቅጹን የሚሞላው ግን ያው ሰው ነው። ሰውየው እውነቱን ቢጽፍ ምን እንደሚደርስበት ካወቀ፣ ቅጹ ሲያምር ውሸቱም አብሮ ያምራል።

ሌሎች አገሮች ችግሩን ከሰው ጀምረው ለመፍታት ሞክረዋል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትልልቅ የመንግሥት ፕሮጀክቶችን ለሚመሩ ሰዎች አካዳሚ ከፍቷል። ፕሮጀክቶቹንም በትራፊክ መብራት ቀለም መመዘን ጀመረ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እዚያም ቢሆን የሚዘገይና በጀቱን የሚበላ ፕሮጀክት ሞልቷል። ግን አንድ ነገር ተቀበሉ፦ ፕሮጀክት መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ለጎበዝ መሐንዲስ ወይም ለታማኝ ሹም በሽልማት የሚሰጥ ወንበር አይደለም።

ወደ አራተኛው ፎቅ እንመለስ። ኃላፊዋ አካዳሚ የላትም፤ ደመወዝ መጨመር አትችልም፤ ነዳጁም ሦስት ፊርማ መጠበቁን አልተወም። ከሕመሟ ስትነሣ በእጇ ያለውን ብቻ ቀየረች።

መጀመሪያ አንድ ወረቀት አዘጋጀች። በአንድ በኩል ሥራ አስኪያጁ እሷን ሳይጠይቅ የሚወስነው፣ በሌላ በኩል ከወሰነ በኋላ የሚነግራት፣ በመጨረሻ እሷ ዘንድ መምጣት ያለበት። ወረቀቱን በየጠረጴዛው አስለጠፈች። በመጀመሪያው ወር አንዱ ስህተት ወሰነ፤ ተቋራጭ ለማይገባው የጊዜ ማራዘሚያ ድጋፍ ጻፈ። ሥልጣኑን አልቀማችውም። አብራው ቁጭ ብላ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ አነበበች፤ ደብዳቤውን ራሱ አርሞ ራሱ እንዲልክ አደረገች።

ቀጥላ እያንዳንዱን ፕሮጀክት ሁለተኛ ሰው እንዲያውቀው አደረገች። ማንም ሰው ነገ ቢታመም ወይም ቢለቅ ሌላው የሚያነበው ማኅደር ይኑር አለች፦ ምን ተወሰነ፣ ለምን ተወሰነ፣ ከተቋራጩ ጋር በቃል ምን ተባለ። በየሩብ ዓመቱም አንዱ የሌላውን ሳይት ሄዶ ይለካል። ይህን መጀመሪያ ማንም አልወደደውም። «እንሰላለል ወይ?» ተባለ። ልጁና ባልደረባው ሜትር ይዘው የሄዱት በዚህ ደንብ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ይመስላል። የሰኞውን ስብሰባ ጥያቄ ቀየረች። ድሮ «ስንት በመቶ ደረሰ?» ነበር። አሁን «በዚህ ሳምንት የሚያስፈራህ ነገር ምንድን ነው?» ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም «ምንም የለም፣ ጥሩ ነው» አሉ። እሷ ቀድማ የራሷን ፍርሃት መናገር ጀመረች። ቀስ እያለ አንዱ ተናገረ። ሌላው ቀጠለ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ በፕሮጀክት ላይ ግን ውሸቱ ቀልሎ እስኪታይ ድረስ የሰው ውኃ፣ የሰው መንገድ፣ የሰው ጤና ጣቢያ ይዞ ይቆያል።

እንግዲህ ልጁ ያንን ወረቀት ያመጣው «የሚያስፈራህን ንገረኝ» ስለተባለ ነው። አሁን ተራው የእሷ ሆነ። 41 ብላ ብትልክ የመሥሪያ ቤቱ አማካይ ይወርዳል፤ ግምገማ ይመጣል፤ የፈረመችው 58 ይወጣል። 60 ብላ ብትልክ ማንም አያውቅም፤ ከልጁና ከስድስቱ በስተቀር። እነሱ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ የሰኞውን ጥያቄ አያምኑትም።

41 ላከች። ከሥሩም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ ያለፈው ሩብ ዓመት አኃዝ ስህተት እንደነበረና ሪፖርቱን ያጸደቀችው እሷ እንደሆነች። የልጁን ስም አላነሣችም።

ግምገማው ቀላል አልነበረም። «ለኅብረተሰቡ ምን ልንለው ነው?» ተባለች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ የአፈጻጸም ውጤቷም ወረደ። ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ የሚሸልማት ሚኒስትር ይመጣ ነበር። አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው። የፓምፑ ኤልሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋናው ስብሰባ አጀንዳ ሆነ፤ 58 በመቶ የደረሰን ፕሮጀክት ማንም ቆሞ አይጠይቅም ነበርና። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከስድስቱ ሁለቱ፣ ለየብቻቸው፣ በሩን ዘግተው የራሳቸውን የታረመ ቁጥር አስቀመጡላት።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ልጁ ለቀቀ። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ከደመወዙ ሦስት እጥፍ ሰጠው። በመሥሪያ ቤቱ «አሠልጥነን ለሌላ ሰጠን» የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ማጉረምረሙ እውነት አለው፤ መንግሥት ለፕሮጀክት ሙያ የእድገት መሰላልና የሚያኖር ደመወዝ እስካላዘጋጀ ድረስ እንዲህ ዓይነት ልጆችን ያጣል። ግን ልዩነቱን ልብ ይሏል። ልጁ ፕሮጀክቱን ሲረከብ ከቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የወረሰው ሁለት ዓረፍተ ነገርና አንድ ቁልፍ ነበር። እሱ ሲሄድ ግን የተደራጀ ማኅደር አስረከበ፤ የተረከበችውም ሁለተኛ ሰው ሆና ከመጀመሪያው ጀምሮ የምታውቀው ባልደረባው ናት። ሥራው አንድ ቀን አልቆመም።

ፓምፑ ዘግይቶም ቢሆን ተተከለ። በከተማዋ ሁለት ቀበሌዎች ያሉ ቦኖዎች ውኃ ይሰጣሉ። ሦስተኛው ቀበሌ እስካሁን ይጠብቃል፤ እዚያ ያሉ እናቶች ጄሪካን ይዘው ወንዝ መውረዳቸው አልቀረም። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ በሰኞው ስብሰባ «የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ስትባል ሁልጊዜ ቀድማ የምታነሣው የዚያን ቀበሌ ስም ነው።