ዳጉሳዬን ይዤ ተመለስሁ

ዛሬ ጧት በሬዲዮ አንድ ባለሥልጣን ነባር አዝርዕታችን ትንሣኤ እንደሚያገኙ ሲያበሥሩ ሰምቼ፣ ደስታዬ ገና ሳይበርድ፣ ከጎጃም ዘመድ የላከልኝን ዳጉሳ አሸክሜ ወፍጮ ቤት ብደርስ፣ ባለወፍጮው ከጆንያው አፍ እፍኝ ዘግኖ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ይኼ የሰው ጤፍ ያጠቁርብኛል፤ ማታ ሰው ሲያልቅ ይምጡ» ብሎ መለሰኝ።

ወፍጮ ቤት ከተነሣ ዘንድ፣ በሆዴ የቆየ ቂም አለ። ለፋሲካ ብዬ በእጄ አበጥሬ የሰጠሁትን ማኛ ጤፍ፣ በርበሬ የተፈጨበትን ድንጋይ ሳይጠርጉ ፈጭተው ሰጡኝና፣ በዓሉን ሊባርኩ የመጡት የነፍስ አባቴ ገና ወጡ ሳይወጣ፣ ከእንጀራው ጫፍ ቆርሰው እንደ ቀመሱ «ልጄ፣ በርበሬው በዛ» አሉ። ሚዛኑንማ አታንሡብኝ!

ወደ ነባር አዝርዕቱ ነገር ልመለስ። በ1976 እ.ኤ.አ. በጀርመኖች ርዳታ የተቋቋመው የዘር ባንካችን ብዙ ዘር ከጥፋት ማዳኑ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ዘር በብርድ ክፍል ተቆልፎ ብቻ እንደማይድን አስቀድመው የተረዱት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት ሊቁ ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ በኋላ የወሎን ማሽላና የሸዋን ስንዴ ወደ ገበሬው ማሳ መልሰው ነበር። ታቦት እንኳ ለጥምቀት ይወጣል።

ገበሬው ሴት አኩሪንና ጥቁር ስንዴን የመሰሉትን ነባር የስንዴ ዘሮች የተወው ጠልቶ አይመስለኝም፤ ምርጥ ዘሩም፣ የማዳበሪያው ብድርም፣ የልማት ሠራተኛው ምክርም ለዳቦ ስንዴ ሲያደላ፣ ገበያውም ነጩን ሲያስቀድም፣ ልጆቹን በምን ያሳድግ? መንግሥት ሲደግፍ ግን ሌላ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥቶ ባሕር የተሻገረውን ዳጉሳ የተቀበሉት ሕንዶች፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት የምግብ ዋስትና ሕግ፣ ለድኾች ሩዙን በኪሎ 3 ሩፒ፣ ስንዴውን 2፣ ዳጉሳንና ማሽላን የመሰለውን ደግሞ 1 ሩፒ ሲሉ ተምነው ነበር፤ የኦዲሻ ክፍለ ሀገር መንግሥትም ዳጉሳውን ከገበሬው እየገዛ በራሽን ያድላል።

እናንተም ሹማምንት፣ ለተማሪዎች ምገባ በምትገዙት እህል ላይ ዳጉሳና ገብስ ጨምሩበት፤ ዋጋውንም ገበሬው ሳይዘራ በፊት ንገሩት። የትንሣኤው ዐዋጅ ይቆየን።