የድብድብ ጌም ከጀርባው ሲታይ

ጌም ሲባል ብዙዎቻችን የምናየው እንደ ጊዜ መግደያ ነው። ጋዜጠኝነት የሚያጠና ሰው ስለ ጌም ሲጽፍማ «ምነው፣ ርዕስ አጣህ እንዴ?» መባሉ አይቀርም። እኔ ግን ታናሽ ወንድሜን ከጌም ቤት ላስቀር ብዬ የጀመርኩት ሥራ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ምንጭ ከተማርነው ትምህርት ጋር ፊት ለፊት አገናኝቶኛል።

ወንድሜ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የታክሲ ብሩን ለጌም እያጠራቀመ ከትምህርት ቤት በእግሩ ይመለስ ነበር። ይህን ያወቀችው እናታችን ናት፤ ያወቀችውም ከጫማው ሶል ነው። «አንተ ኮምፒውተር አውቃለሁ ትል የለ? እስቲ እቤት የሚያስቀምጠው ነገር ፈልግለት» አለችኝ።

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ አዲስ ጌም አይችልም። ለአሮጌ ጌሞች ግን ይበቃል። ባቶሴራ የሚባል ነፃ ሲስተም አለ፤ በፍላሽ ላይ ተጭኖ ከፍላሹ ይነሳል እንጂ የኮምፒውተሩን ዊንዶውስ አይነካም። በውስጡ የብዙ ጥንታዊ የጌም ማሽኖች ኢሙሌተሮች ተሰድረዋል። ኢሙሌተር ማለት አንድ ኮምፒውተር ሌላ ማሽን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው።

ከነዚህ መካከል ግን አንድ እንግዳ አለ፤ ኦፕንቦር ይባላል። እሱ ማንንም አይመስልም፤ በመንገድ እየሄዱ ወሮበላ የሚደበድቡባቸውን ጌሞች ለመሥራት የተዘጋጀ ኢንጂን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ሲኒል ቲም የተባለ የኔዘርላንድስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 «ቢትስ ኦፍ ሬጅ» የተባለውን ጌም በነፃ ሲለቅ ነው። ጌሙ የተሠራው ሴጋ በ1991 ያወጣውን «ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ» በማድነቅ ነው፤ የተደባዳቢዎቹ ስዕሎች ደግሞ ኤስኤንኬ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ «ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ» ጌሞች የተወሰዱ ናቸው። በኋላ ቡድኑ ኮዱ እንዲከፈት ፈቀደ፤ ሌሎች ባለሙያዎችም ኢንጂኑን እያሻሻሉ ቀጠሉ።

አጫጫኑ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጌም «ፓክ» የተባለ አንድ ጥቅል ፋይል ነው። ፋይሉን «ሮምስ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ኦፕንቦር» ወደሚለው መገልበጥ፣ የጌሞቹን ዝርዝር ማደስ፣ አለቀ። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጌም በደንብ ሠራ፤ ሁለተኛው ስክሪኑን አጥቁሮ ወደ ዝርዝሩ መለሰን። ወንድሜ «ተበላሸ!» ብሎ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። ምክንያቱ የቨርዥን ጉዳይ ነበር። ጌም የሚሠራው በጊዜው በነበረው ኢንጂን ተሞክሮ ስለሆነ አዲሱ ኢንጂን ሁልጊዜ አሮጌውን ጌም አይረዳውም። ስለዚህ ባቶሴራ ከአንድ በላይ የኦፕንቦር ቨርዥን ይዟል። ከጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብተን ቀደም ያለውን ስንመርጥለት ተከፈተ።

ነገሩ የጣፈጠው ግን ጥቅሉን ስንፈታው ነው። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለው። በውስጡ ስሙ፣ የጤናው መጠን፣ ፍጥነቱ፣ ከዚያም ሲቆም፣ ሲራመድና ሲመታ የትኞቹ ስዕሎች በምን ቅደም ተከተል እንደሚታዩና ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ተዘርዝሯል። ወንድሜ የአንዱን ጤና ከ100 ወደ 900 ቀይሮ የማይሞት ጀግና ሠራ። ሁለት ቀን ተጫወተበትና ሰለቸው።

በሦስተኛው ቀን «እነዚህን ስዕሎች የሳላቸው ማነው? ከፍለውታል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ቀላል አልነበረም። ስዕሎቹን የሳሉት የኤስኤንኬ ሠራተኞች ናቸው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ወሰዳቸው፣ ከሱም ሌላ ወሰደ። ብዙዎቹ ጌም ሠሪዎች መጨረሻ ላይ የባለቤቶቹን ስም ይጠቅሳሉ። እኛም ክፍል ውስጥ «ምንጭህን ጥቀስ» እየተባልን ነው የምንማረው። ነገር ግን ስም መጥቀስ አንድ ነገር ነው፣ ፈቃድ ማግኘት ሌላ። የፎቶግራፍ ባለሙያውን ስም ከፎቶው ሥር የጻፈ ጋዜጣ ፎቶውን በነፃ የመጠቀም መብት አላገኘም። በነፃ ተሠርቶ በነፃ የተሰጠ ነገርም ውስጡ የሌላ ሰው ድካም ሊኖርበት ይችላል። ኢንጂኑ በፈቃድ የተከፈተ ነው፤ ስዕሎቹ ግን አይደሉም። ይህን ልዩነት ከማስታወሻ ደብተሬ ይልቅ ለወንድሜ ሳስረዳ ነው በደንብ የገባኝ።

እሱ ነገሩን በራሱ መንገድ ፈታው፤ «እንግዲያው እኔው እስላለሁ» አለ። ከደብተሩ ገጽ እየገነጠለ የሠፈራችንን ሊስትሮ ሳለ፤ ልጁንም አስቀድሞ አስፈቅዶታል። አንድ እርምጃ ለማስኬድ ብቻ ስድስት ስዕል ፈጀበት። አሁን ሊስትሮው ይራመዳል፤ መምታት ግን ገና አልተማረም። እናታችን በደብተሩ መሳሳት ታጉረመርማለች። ወንድሜም ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ጌም ቤት ይሄዳል፤ የሚመለሰው ግን በታክሲ ነው።