ከቆላ የወጡት እቴጌ

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት መተማ ውስጥ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከጎንደር ተነሥቶ አይከልን ካለፉ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሸኸዲ ሲደርሱ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የወረደ ወጣት ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ስንቱን ሌሊት አብሬ አንግቻለሁ!

በእነዚያ ሌሊቶች እቴጌ ምንትዋብ ትዝ ይሉኝ ነበር። አገራቸው ከመተማ በስተደቡብ ያለው ቋራ ነው። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፣ አንዲት ወጣት አስታመመቻቸው፣ ሲድኑም አገቧት ይባላል። እውነትነቱን ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ እኔ ግን ነርስ ነኝና ወድጄዋለሁ።

በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ነበሩ፤ አገሩን የያዙት እናትየው ናቸው። ከጎንደር ወጣ ብሎ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥታቸው፣ ጣና ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። ሠዓሊዎችም በእሳቸው ጥላ ሥር አደሩ። በዘመናቸው የጎንደር ሥዕል መልኩን ለወጠ፤ ፊት በጥላ ሞላ ብሎ ተሣለ፣ መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይ ደመቀ፣ የቅዱሳኑ ልብስ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ጨርቅ አበባ በአበባ ሆነ። ደገኛ የሚፈራው ቆላ ነው እኚህን ሴት ያፈራው።

የቋራው ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ፤ እንግሊዞች ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወሰዷቸው። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ በዚያው በመተማ በኩል ወጥቶ ጎንደርን ሲያነድ ቁስቋምም ተቃጠለች። በዓመቱ መጋቢት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ።

ከጡረታ በኋላ የልጅ ልጄን ይዤ ቁስቋም ሄድኩ። ዛሬ ያለው ቤተ ክርስቲያን ኋላ የታነጸ ነው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ ይታያል። ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ፤ አያትየው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረዋል። ሣጥኑ ፊት ብዙ ቆምኩ።

ከዚያ ባሕር ዳር ወርደን በጀልባ ወደ ናርጋ ተሻገርን፤ እሳቱ ያላገኘው የእጃቸው ሥራ እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተዘርግተው ተሥለዋል።

"እምዬ፣ አሟት ነው የተኛችው?" አለችኝ ልጅቷ።

"አላመማቸውም፤ እየሰገዱ ነው" አልኳት።

ጠጋ ብላ ቀለሙን ታይ ጀመር። ጀልባችን ሊሄድ ሲጣራም እጄን አልለቀቀችም፤ "ትንሽ እንቆይ" አለች።