አባታችን የወደቁ ዕለት

«የአባታችሁ ራስ ተከፈተ የሚባለው እውነት ነው ወይ?» እያሉ የሚጠይቁን ጓደኞች ብዙዎች ናቸው። ነገሩ በመተላለፊያ ላይ ቆሞ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፥ አዘጋጆቹ ገጽ ሲሰጡን በዚሁ ላይ ለመጻፍ ወሰንን። «እኛ» የምንለው ታላቅ ወንድማችንን፥ እኅታችንንና ይህን የሚጽፈውን ታናሽ ነው፤ ከሦስታችን አንዱ ብቻውን ያደረገው ነገር ስለሌለ በአንድነት መናገሩ ይሻላል።

አገራችን መርጡለ ማርያም ነው፤ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋይ ዛሬም የሚታይበት። አባታችን ገበሬ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሰው የሚያውቃቸው ከእርሻቸው ይልቅ በአንደበታቸው ነው። የድንበር ጠብ ወይም የባልና ሚስት ኩርፊያ ሲነሣ ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ከጭድ ክምር ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ራሳቸውን መታቸው፤ ደም ግን አልወጣም። አቧራቸውን አራግፈው «ጭዱ ጠላኝ» ብለው ሳቁ፤ በማግሥቱ ሁላችንም ረሳነው።

በመጋቢት መጀመሪያ የቀኝ እግራቸው ጫማ በየመንገዱ እየወለቀ ይቀር ጀመር። እኅታችን ከኋላ እየለቀመች ታመጣለች፤ እኛም እንስቅ ነበር። ያንን ሳቅ ዛሬ ስናስታውሰው ያሳፍረናል። ቀጥሎ ራስ ምታቱ ጠና፤ ጉርሻው ከእጃቸው ይወድቅ ጀመር፤ ቃልም ይጠፋባቸው ጀመር። ቦራ የተባለውን በሬያቸውን ዳለቻ እያሉ ይጠሩታል፤ ዳለቻ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ተናገረ። እርጅና ነው ያለ አለ፤ ምች ነው ያለ አለ፤ የሰው ዓይን ነው ያለም አለ። እናታችን ጠበል ወሰዷቸው፤ ይህን የምናነሣው ለመንቀፍ አይደለም፥ በዚያ ሰሞን ብርታት የሰጣቸው እርሱ ነበርና። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ታይፎይድ ነው ብሎ የአሥር ቀን ኪኒን ሰጣቸው፤ እየቆጠርን ያስዋጥናቸው እኛው ነን። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ያገኘነው አንድ ወጣት የጤና መኰንን ግን ገና ሳይመረምራቸው «ካለፉት ሁለት ሦስት ወራት ወዲህ ወድቀው ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እርስ በርሳችን ተያየን። ያን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

በኋላ ሐኪሙ በወረቀት ጀርባ ሥለው እንዳስረዱን ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎልን የሚሸፍን ጠንካራ ልባስ አለ፤ ከአንጎሉ ወደዚህ ልባስ የሚሻገሩ ቀጫጭን የደም ሥሮችም አሉ። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ጥቂት ስለሚኮማተር ሥሮቹ እንደ ተወጠረ ክር ይሆናሉ፤ ትንሽ መመታት ይበጥሳቸዋል። ደሙ በአንድ ጊዜ አይፈስም፤ በብዙ ሳምንት እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጫናል። በግራ በኩል የሆነ እንደ ሆነ የቀኝ እጅና እግር ይሰንፋል፤ የአብዛኛው ሰው የንግግር ቦታም በግራ ነውና አንደበት ይያዛል። የወደቁበትና የታመሙበት ቀን ስለሚራራቅ አንዱን ከሁለተኛው ጋር የሚያገናኝ የለም። አያት ያላችሁ ሁሉ ይህን ያዙልን።

ለመኪናው ኪራይና ለምርመራው ገንዘብ አልነበረምና ቦራን ሸጥነው። አባታችንን አልጠየቅናቸውም፤ ቢጠየቁስ ምን ሊመልሱ ይችሉ ነበር? በሌሊት ተነሥተን በብቸናና በደጀን አድርገን ዓባይ በረሃ ወረድን። በጠመዝማዛው ላይ ራሳቸውን በእጃችን ደግፈን ያዝን። ድልድዩን ስንሻገር «ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉ፤ ነገርናቸው፤ ጎሐ ጽዮን እስክንወጣ ሦስት ጊዜ ጠየቁ።

አዲስ አበባ በሲቲ ስካን ሲነሡ ደሙ በግራ በኩል ታየ። ኦፕራሲዮኑን ያደረጉት ሐኪም እዚሁ አገር የሠለጠኑ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው፥ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርስቲ ጋር በመተባበር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አባታችን ከሃያ ዓመት በፊት ወድቀው ቢሆን ኖሮ ብለን ማሰብ አንወድም።

የስምምነቱን ወረቀት የሚፈርም ዘመድ ተጠራ። ታላቅ ወንድማችን «አንተ ተምረሃል» ብሎ ብዕሩን ለታናሹ ሰጠው። ወረቀቱ ሞትንም ጭምር ይጠቅስ ነበር። በሥነ ጽሑፍ ክፍል ብዙ ወረቀት አንብበናል፤ እንዲህ ያለውን ግን አላነበብንም። ነርሷ የአንድ ሰው ይበቃል ብትልም ሦስታችንም ፈረምን። ማተባቸው እንዳይበጠስም ለመንናት፤ እርሷም ፈትታ ከእጃቸው አንጓ ላይ አሰረችው።

ራሳቸው ተከፈተ የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይታረም፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው የተበሱት። ከዚያ የወጣው እንደ ጌሾ ውኃ የጠቆረ ፈሳሽ ነበር፤ ቀሪው እንዲወርድ ቀጭን ቱቦ ሁለት ቀን ቆየ። በዚያው ማታ ቀኝ እጃቸው አንሶላውን ጨበጠ። በሦስተኛው ቀን ወተት ሲቀርብላቸው አይተውን አይተውን «ጾም አይደለም ወይ?» አሉ። ዐቢይ ጾም ነበር። እናታችን ዕልል አሉ፤ የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ቀና ብሎ አየን።

የቀረው ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ረዘመብን። ሐኪሙ ከአሥር ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ደሙ ተመልሶ እንደሚጠራቀም ነግረውን ስለ ነበር፥ መርጡለ ማርያም ከገባን በኋላ ዓይናችን ከጫማቸው ላይ አልነቀል አለ። ቃል ሲጠፋቸው ፈጥነን እናቀብላቸው ነበር፤ እንግዳ ሲጠይቃቸው እኛ እንመልሳለን። አንድ ቀን ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ነገር መጥተው ሳለ እኅታችን «አባባ ገና አልተሻላቸውም» ብትል፥ በዘንጋቸው መሬቱን መትተው «አፍ አለኝ!» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ቃል ይፈልጉ ጀመር። ቡናው ቀዘቀዘ፤ ሰዎቹም ጠበቁ፤ እኛ ከንፈራችንን ነክሰን ተቀመጥን። ቆይተው «ከዋርካው ወዲህ ያለው የአባቱ ነው» አሉ። ሰዎቹም ይህንኑ ይዘው ሄዱ።

ስለ ቦራ ግን ለመቀናጆ ሰጥተነዋል ብለን ዋሽተናቸው ነበር። በግንቦት፥ ለክረምቱ እርሻ ሞፈርና ቀንበር ሲታይ፥ ሦስታችንንም ጠርተው «ቦራን በስንት ሸጣችሁት?» አሉን። ዳለቻ አላሉም። አቀርቅረን ዋጋውን ነገርናቸው።

«ተታላችኋል» አሉን። ከዚያም ገዢው ማን እንደ ሆነ ጠየቁ።