ከሴል ያልወጣ ኮድ

መቐለ ላይ የትግርኛ ፊደል አራሚ ለመሥራት ስንሰባሰብ ፓይተንን መምረጣችን አይቆጨኝም። አንድ መስመር ጽፈህ ትጠይቀዋለህ፣ እዚያው ይመልስልሃል፤ ያልተጠና ጽሑፍን እየነካካህ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ የፕሮግራም ቋንቋ አላውቅም። ትግራይ ውስጥ ፀሓይ ተብሎ በፀ የሚጻፈው ቃል ኤርትራ ውስጥ በጸ ይጻፋል። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ኮድ ጁፒተር በሚባለው የኮድ ማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፈን፣ ውጤቱን አይተን፣ አርመን፣ ደግሞ እናያለን። ያ የጋለ ምልልስ ሥራውን እንዴት ያፋጥነው እንደነበር!

የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ኮዱ ቁርጥ ቁርጥ ሆኖ የሚጻፍባቸው የጁፒተር ሴሎች የግድ ከላይ ወደ ታች አይሄዱም፤ አምስተኛውን አስቀድሞ ሁለተኛውን ማስከተል ይቻላል። አንድ ሴል ቢሰረዝ እንኳ የፈጠረው ነገር ኮዱን የሚያስኬደው ከርነል እስኪጠፋ ድረስ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይቆያል። ብቻውን ለሚሞክር ሰው ምቾት ነው፤ ለቡድን መዘዝ። የኛ ኮድ በትክክል የሚሠራው በአንድ ጓደኛችን ላፕቶፕ ላይ፣ እሱ ብቻ በሚያውቀው ቅደም ተከተል ነበር። ፀን ከጸ ጋር የሚያዋሕደው ሴል አንድ ቀን ተሰረዘ፤ ከርነሉ ስላልጠፋ ውጤቱ መምጣቱን ቀጠለ፣ ማናችንም ልብ አላልንም። ከርነሉን አጥፍቶ ሁሉንም ከመጀመሪያው የሚያስኬደው ትእዛዝ እዚያው ሜኑው ላይ ነበር። የነካው የለም።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ኢንተርኔት ጠፋ፤ የተመለሰውም ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው። ቡድኑ ተበተነ። ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው ልጅ የት እንደደረሰ ለረጅም ጊዜ አልሰማንም።

የተረፈውን ፋይል ስንከፍት ሠንጠረዦቹ አሉ፣ የታረሙት ቃላት ተደርድረው ይታያሉ። ኮዱን ስናስኬደው ግን ገና ከጅምሩ «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ ይቆማል።

አንጀቴን የሚያቃጥለው፣ መሣሪያዎቹ ለእንዲህ ያለው መከራ ጭምር የሚበቁ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈጠረው ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ የሥራውን ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ አባል ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፤ ሰርቨር ባይኖር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የፓይተን ላይብረሪዎችም ከነቨርዥናቸው ተመዝግበው አስቀድመው ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይጫናሉ። ሴል ላይ ሞክረን የተሳካልንን ሁሉ ፈንክሽን አድርገን ወደ ተራ ፋይል ብናወጣው፣ ያ ልጅ ባይኖርም ሌላው ያስኬደው ነበር። ዶክቴስት የሚባለውም አለ፣ ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ከፓይተኑ ጋር አብሮ የሚመጣ፤ ከቋንቋው ጋር ያደረግኸውን ምልልስ፣ ጥያቄውንም መልሱንም፣ ፈንክሽኑ ሥር እንዳለ ስትለጥፈው ፈተና ያደርገዋል። ፀሓይ ብለን ጠይቀን ጸሓይ ያለን መልስ በአራሚው ዋና ፈንክሽን ሥር ተለጥፎ፣ ፈተናው በየቀኑ ከዜሮ ቢካሄድ ኖሮ፣ ያ ሴል በተሰረዘበት ቀን ይወድቅና እናውቅ ነበር። ምሽቶቻችንን በሙሉ ያሳለፍንበት ምልልስ የሥራው ዋስ መሆን ይችል ነበር እኮ!

ከጦርነቱ በፊት ሁላችንም አንድ ከተማ ውስጥ ነበርን። ላይብረሪ የምናወርድበት ኢንተርኔት ነበረን። ኮዱን ወደ ፋይል ማውጣት የጥቂት ቀናት ሥራ ነበር፤ «ውጤቱ እየመጣ አይደል» እየተባባልን አሳለፍነው።